«እኔ እሄዳለሁ» ያለው የ12 ዓመት ልጅ፦ የካንቺው ንጉሥ ፓላቫማላ እና ሥርወ መንግሥቱ

በደቡብ ህንድ፣ ካንቺፑራም (በአጭሩ ካንቺ) በምትባል ከተማ፣ ቫይኩንታ ፔሩማል የሚሉት፣ ከሂንዱ ታላላቅ አማልክት አንዱ የሆነው የቪሽኑ ቤተ መቅደስ አለ። መቅደሱን ዙሪያውን የሚከበው መተላለፊያ የአንበሳ ምስል የተቀረጸባቸው ዓምዶች የተደረደሩበት ነው። ግድግዳው ደግሞ በሁለት ረድፍ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ከድንጋይ በተፈለፈሉ ሥዕሎች ተሞልቷል። ንጉሥ ሲነግሥ ይታያል፣ ጦር ሲጋጠም ይታያል፣ መልእክተኛ ጎንበስ ብሎ ወሬ ሲያደርስ ይታያል። ከአንዳንዶቹ ሥዕሎች አጠገብ በጥንታዊ የታሚል ቋንቋ የተቀረጸ አጭር መግለጫ አለ፤ ዛሬ ፎቶ ሥር እንደምንጽፈው ዓይነት። ከመግለጫዎቹ አንዱ፣ ፓላቫማላ የተባለ ልጅ «እኔ እሄዳለሁ» ብሎ እጅ ነሥቶ የቆመበት ስፍራ ይህ ነው ይላል።

ልጁ ያን ጊዜ 12 ዓመቱ ነው። የሚሄደው ሊነግሥ ነው። ከእሱ በፊት የተጠየቁት ሦስት ወንድሞቹ «አንሄድም» ብለዋል።

አንድ መንግሥት ንጉሥ ፍለጋ ሰው ቤት ሄዶ ደጅ ሲጠና፣ የቤቱ ልጆች ተራ በተራ እምቢ ሲሉ፣ ይህንንም የነገሠው ሰው ራሱ ሳያፍር ድንጋይ ላይ ሲያስቀርጸው ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። የነገሥታት ጽሑፍ ልማዱ ዘርን ወደ አማልክት መምዘዝ፣ ጠላትን እንደ ገለባ ማቃጠል ነው። የፓላቫማላን ታሪክ ለማብራራት የተነሣሁትም ይኸው ነገር ገርሞኝ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፓላቫዎች እነማን ነበሩ?

ፓላቫ የሥርወ መንግሥት ስም ነው። ዛሬ ታሚል ናዱ በሚባለው ግዛት ሰሜናዊ ክፍል፣ ካንቺን መዲናቸው አድርገው ገዝተዋል። ስማቸው ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ጀምሮ በጽሑፎች ላይ ይገኛል። እውነተኛ ኃይል ያገኙት ግን በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ሲምሃቪሽኑ የተባለው ንጉሥ ከተነሣ በኋላ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ወንድሙ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

የሲምሃቪሽኑ ልጅ ቀዳማዊ ማሄንድራቫርማን በአካባቢው አለት ፈልፍሎ መቅደስ በመሥራት ፈር ቀዳጅ ነበር። ማንዳጋፓቱ በሚባል ቦታ በፈለፈለው መቅደስ ላይ፣ ይህ ቤት ያለ ጡብ፣ ያለ እንጨት፣ ያለ ብረትና ያለ ኖራ የተሠራ ነው ብሎ በኩራት አጽፏል። የሱ ልጅ ቀዳማዊ ናራሲምሃቫርማን ደግሞ ጦረኛ ነበር። በ642 አካባቢ የቻሉክያዎችን መዲና ቫታፒን፣ የዛሬዋን ባዳሚን፣ ያዘ። ቅጽል ስሙ «ማማላ» ነበር፤ ታላቁ ታጋይ እንደማለት ነው። በባሕሩ ዳር ያለችው፣ ቱሪስት የሚጎርፍባት ማማላፑራም ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው።

ቻሉክያዎች የዛሬውን ካርናታካ የያዙ ጎረቤቶች ናቸው። ቫታፒ ከተያዘች ወዲህ በሁለቱ ቤቶች መካከል የነበረው ነገር ደም መመላለስ ነው ቢባል ይቀላል። አባት የጀመረውን ልጅ፣ ልጅ ያልጨረሰውን የልጅ ልጅ ይቀጥለዋል። በደቡብ፣ ማዱራይን የያዙት ፓንድያዎች አሉ። በምዕራብ በኩል ጋንጋዎች። ካንቺ በሦስቱ መሃል ነበረች።

በዚህ ሁሉ መካከል ደህና ዘመንም ነበር። ራጃሲምሃ የሚባለው ዳግማዊ ናራሲምሃቫርማን በካንቺ የካይላሳናታን ቤተ መቅደስ አሠራ፤ በማማላፑራም ዳርቻ ማዕበል የሚመታውን መቅደስም እንዲሁ። በ720 ወደ ቻይናው የታንግ ቤተ መንግሥት መልእክተኞች ልኳል። ከእሱ ቀጥሎ የነገሠው ልጁ ዳግማዊ ፓራሜስቫራቫርማን ግን ብዙ አልቆየም። የጋንጋዎች ጽሑፍ ቪላንዴ በተባለ ቦታ የካንቺን ንጉሥ ገድለናል ይላል፤ ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ሟቹ እሱ ነው ይላሉ። ጊዜው 731 አካባቢ ነው። የሲምሃቪሽኑ ዘር የያዘው የዙፋን መስመር እዚህ ላይ ተበጠሰ።

ንጉሥ ፍለጋ

ግድግዳው የፓላቫማላን ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ከካንቺ ሦስት ዓይነት ሰዎች ተነሥተው ወደ ሂራንያቫርማን ቤት ሄዱ። የመጀመሪያዎቹ የቤተ መንግሥት መማክርት ናቸው። ሁለተኛዎቹ «ሙላፕራክሪቲ» ይባላሉ፤ የአገሩ ዋና ዋና ሰዎች ብንል ያስኬዳል። ሦስተኛዎቹ «ጋቲካያር» ናቸው፤ የጋቲካው ሊቃውንት።

ጋቲካ በካንቺ የነበረ ከፍተኛ የሳንስክሪት (የጥንቱ የህንድ ቋንቋ) እና የቬዳ (የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት) ትምህርት ቤት ነው። ለእኛ ሰው ጉባኤ ቤት ብለው የበለጠ ይገባዋል። ዝናው የቆየ ነው፦ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ማዩራሻርማን የተባለ ብራህማን (ከሂንዱ የካህናት ወገን የሆነ ሰው) ትምህርቱን ሊጨርስ ካንቺ መጥቶ ከአንድ የፓላቫ ፈረሰኛ ጋር ተጣላ፤ በንዴት ሰይፍ አነሣና የካዳምባን ሥርወ መንግሥት መሠረተ ተብሎ በታላጉንዳ ዓምድ ላይ ተጽፏል። በ731 ደግሞ የዚያው ትምህርት ቤት መምህራን ንጉሥ ከሚመርጡት ሰዎች ጋር ቆመው እናገኛቸዋለን። የጦር አለቆች ብቻ ሳይሆኑ የቀለም ሰዎችም ድምፅ ነበራቸው ማለት ነው።

ለምን ወደ ሂራንያቫርማን? እዚህ ላይ ነው የሲምሃቪሽኑ ወንድም የሚያስፈልገን። ስሙ ቢማቫርማን ነው። ሲምሃቪሽኑ ሲነግሥ የወንድሙ ዘር ከዙፋን ርቆ ቀረ፤ ከቢማቫርማን ቡድሃቫርማን፣ ከቡድሃቫርማን አዲትያቫርማን፣ ከአዲትያቫርማን ጎቪንዳቫርማን፣ ከጎቪንዳቫርማን ሂራንያቫርማን ተወለደ። ከሂራንያቫርማንና ከሮሂኒ ደግሞ ፓላቫማላ። መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ካንቺ ላይ ያልነገሠ፣ ግን ደሙ ያልጠፋ ቤት ነበር።

ሂራንያቫርማን የቤተሰቡን አለቆች ሰብስቦ ጠየቃቸው። አንድም ፈቃደኛ አልተገኘም። ከዚያ አራቱን ልጆቹን ጠየቀ፦ ሽሪማላ፣ ራናማላ፣ ሳንግራማማላ እና ፓላቫማላ። «ማላ» ታጋይ ማለት መሆኑን ከላይ አይተናል። ራናማላ «የውጊያ ታጋይ»፣ ሳንግራማማላም «የጦርነት ታጋይ» ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም የተሸከሙት ሁለቱ አንሄድም አሉ። እኔ ግን አልፈርድባቸውም። የቀደመው ንጉሥ በጦር ሜዳ ወድቋል፤ ዙሪያው ጠላት ነው፤ ካንቺ ውስጥ ራሱ ዙፋኑን የሚፈልግ ሌላ ሰው እንደነበረ ኋላ ላይ እናያለን። ያ ዙፋን የሚያጓጓ አልነበረም።

ትንሹ «እኔ እሄዳለሁ» ሲል አባቱ ደነገጠ። ገና 12 ዓመቱ ነዋ። ዳራኒኮንዳፖሳር የተባለ ሰው ነው አባትየውን አጽናንቶ ያስፈቀደው። መልእክተኞቹ ይዘው የመጡትን ነገር ሲያይ ሂራንያቫርማን የዝሆን ራስ መስሎት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ዳራኒኮንዳፖሳርም «የዝሆን ራሶች አይደሉም፤ የልጅዎ ዘውዶች ናቸው» አለው። ይህ ነገር ለምን ግድግዳ ላይ እንዲጻፍ እንደተፈለገ ብዙ አስቤበታለሁ። ለመንግሥት ክብር የሚጨምረው ነገር የለም። ምናልባት ቤተሰቡ ዘንድ ሲወራ ሲወራ የኖረ ጨዋታ ይሆናል፤ አባቴ ያን ቀን እንዲህ ብሎ ነበር እየተባለ የሚሳቅበት።

ከዚያ ጉዞ ነው። ልጁ ብዙ ተራራ፣ ብዙ ወንዝ፣ ብዙ ጫካ አቋርጦ እንደመጣ መግለጫው ይናገራል። ፓላቫዲ አራያር የተባለ መስፍን ብዙ ጦር ይዞ ሊቀበለው ወጣ፤ ዝሆን ላይ አስቀምጦም ወደ ካንቺ አስገባው። ታላላቅ ገባሮች፣ የከተማዋ ነጋዴዎች፣ የአገሩ ዋና ዋና ሰዎች ተቀበሉት። በመጨረሻም ናንዲቫርማን በሚል ስም ነገሠ። በታሪክ መጻሕፍት ዳግማዊ ናንዲቫርማን የሚባለው እሱ ነው።

የንግሥና ምልክቶቹም ተዘርዝረዋል። ካትቫንጋ የተባለው ዓርማ ያለበት ሰንደቅ አንዱ ነው። የፓላቫዎች ማኅተም የሆነው ወይፈን አለ። ሌላው «ሳሙድራጎሻ» ይባላል፤ የባሕር ጩኸት ማለት ነው፤ ንጉሥ ሲወጣ የሚሰማ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ይህን መሣሪያ አትርሱት፤ ተመልሶ ይመጣል።

ከየት ነው የመጣው የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል። አንዳንዶች የፓላቫዎች ፊደልና ሃይማኖት በደቡብ ምሥራቅ እስያ መስፋፋቱን አይተው፣ ልጁ ከካምቦዲያ ወይም በዛሬዋ ቬትናም ከነበረው ከቻምፓ መንግሥት በመርከብ መጣ ይላሉ። በኢንተርኔት ላይ ይህ ታሪክ እንደ እውነት ሲዞር ይታያል። ሌሎች ወደ ሰሜን፣ ወደ ዛሬው አንድራ ይጠቁማሉ። የፓላቫ ፊደል ባሕር ተሻግሮ ለብዙዎቹ የዚያ አካባቢ ፊደላት አባት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን መግለጫው ተራራ፣ ወንዝና ጫካ ብሎ ሲቆጥር ባሕር አይልም። ባሕር ያቋረጠ ንጉሥ ባሕሩን ሳያስጽፍ ይቀራል ብዬ አላምንም።

የሁለት ሰነዶች ጠብ

እስካሁን ያልኩት የግድግዳው ቃል ነው። ግድግዳውን ማን አሠራው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ያሠራው ራሱ ናንዲቫርማን ነው። አሸናፊ ስለ ራሱ የሚናገረውን እንዴት እናምናለን?

እዚህ ላይ የመዳብ ሰሌዳዎች ይመጣሉ። በዚያ ዘመን ንጉሥ ጉልት ሲሰጥ ትእዛዙ በመዳብ ላይ ይቀረጻል፤ ሰሌዳዎቹ ይበሱና በቀለበት ይታሰራሉ፤ ቀለበቱ ላይ የንጉሡ ማኅተም ይወጣል። መሬቱ የማን እንደሆነ ማስረጃ ነውና ባለጉልቱ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል። በሰሌዳው መግቢያ ላይ በሳንስክሪት ግጥም የንጉሡ ዘር ይዘረዘራል። ለታሪክ ተመራማሪ ወርቁ ያለው እዚያ ነው።

የናንዲቫርማን ሁለት ሰነዶች በተለይ አብረው መነበብ አለባቸው። አንደኛው ኡዳየንዲራም ላይ የተገኘው፣ በነገሠ በ21ኛው ዓመት የተሰጠ ጉልት ነው። ሁለተኛው በ1879 ካራይካል አጠገብ ካሳኩዲ በምትባል መንደር የተገኘው፣ የ22ኛው ዓመት ነው። በመካከላቸው ያለው አንድ ዓመት ብቻ። የመጀመሪያው ናንዲቫርማን የፓራሜስቫራቫርማን ልጅ ነው ይላል። ሁለተኛው ግን ከቢማቫርማን ጀምሮ እስከ ሂራንያቫርማን ያለውን የዘር ሐረግ አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ናንዲቫርማን በሕዝቡ የተመረጠ ነው ይላል።

አንዱ የሟቹ ንጉሥ ልጅ ያደርገዋል፣ ሌላው የሩቅ ዘመድ። የኡዳየንዲራም ሰሌዳ ፊደል ከዘመኑ ዘግየት ያለ ስለሚመስል የኋላ ቅጂ ነው የሚሉ ስላሉ፣ ስሕተቱ የገልባጩ ሊሆን ይችላል። ሌላም መንገድ አለ፦ ግድግዳው ላይ ፓላቫማላ «ፓራሜስቫራ» የሚል ሌላ ስም እንዳለው ተጽፏል፤ የሟቹ ንጉሥ ስም መሆኑ ነው። ስሞች ሲደራረቡ አባትና ልጅ መቀላቀል ቀላል ነው። የሆነ ሆኖ ግድግዳውና የካሳኩዲ ሰሌዳ ተስማምተዋል፤ የተስማሙበት ነገር ደግሞ ለንጉሡ ክብር የሚያንሰው ነው። የንጉሥ ልጅ መባል እያለ ተለምኜ መጣሁ የሚል ሰው፣ ቢያንስ በዚያ ነጥብ እውነት ሳይናገር አይቀርም።

«በሕዝቡ የተመረጠ» የሚለውን ግን የዛሬ ምርጫ አድርገን አንውሰደው። የመረጡት መማክርቱ፣ ባለ ርስቶቹ፣ ነጋዴዎቹና ሊቃውንቱ ናቸው። ገበሬው ሲጠየቅ በየትኛውም ሥዕል ላይ የለም። ከመረጡት ወገን ያልሆነ፣ ዙፋኑ የኔ ነው የሚል ሰውም ነበረ።

የዚያ ሰው ስም ቺትራማያ ነው። ስለ እሱ የምናውቀው ከገደሉት ሰዎች ሰነድ ነው፤ ስለዚህ ደህና ነገር አይጻፍለትም። ብዙ ተመራማሪዎች የሟቹ ንጉሥ ልጅ ወይም የቅርብ ዘመድ ሊሆን እንደሚችል ይገምታሉ። እንዲያ ከሆነ የግድግዳው ታሪክ መልኩ ይለወጣል፦ አልጋ ወራሽ ሳይጠፋ፣ የካንቺ ትልልቅ ሰዎች የማይፈልጉትን ወራሽ ትተው ከሩቅ ልጅ አመጡ ማለት ይሆናል። እኔ ወደዚህ አደላለሁ። ወንድሞቹ ለምን እንደፈሩም ያስረዳል።

ከበባ፣ ስደት፣ ምርኮ

ናንዲፑራ ዛሬ ኩምባኮናም በምትባለው ከተማ አጠገብ የነበረች የተመሸገች ቦታ ናት። ናንዲቫርማን እዚያ ውስጥ እያለ የታሚል መሳፍንት ተባብረው ከበቡት፤ ቺትራማያም ከእነሱ ጋር ነበረ። ያዳነው ኡዳያቻንድራ የተባለ የጦር አለቃ ነው። ኡዳያቻንድራ በቬጋቫቲ ወንዝ ዳር ካለችው ቪልቫላፑራ የመጣ፣ ቤተሰቡ ከአባት ወደ ልጅ ፓላቫዎችን ሲያገለግል የኖረ ሰው ነው። ከበባውን ሰብሮ ቺትራማያን በገዛ እጁ ገደለ።

ይህን የሚነግረን ያው የኡዳየንዲራም ሰሌዳ ነው፤ ጉልቱ የተሰጠው በኡዳያቻንድራ ልመና ስለሆነ ግጥሙ ስለ ንጉሡ ከሚለው ይልቅ ስለ አለቃው የሚለው ይበዛል። ኒምባ፣ ሳንካራግራማ፣ ኔልቬሊ እያለ ያሸነፈባቸውን ቦታዎች ይደረድራል። የሳባራዎችን ንጉሥ አንገት ቀልቶ በፒኮክ ላባ የተሠራ ሰንደቁን ማረከ። ፕሪቲቪቪያግራ የተባለ የኒሻዳዎች አለቃ ደግሞ «አሽቫሜዳ» ሊያደርግ ፈረስ ለቆ ከፈረሱ ኋላ ይከተል ነበር። አሽቫሜዳ ማለት ንጉሥ ፈረስ ለቆ፣ ፈረሱ የረገጠውን አገር ሁሉ የእኔ ነው የሚልበት፣ በመጨረሻም ፈረሱ የሚሠዋበት ጥንታዊ ሥርዓት ነው። ኡዳያቻንድራ ፈረስ ተከታዩን አባረረው።

አንድ አለቃ ግን ሁሉ ቦታ ሊደርስ አይችልም። ትልቁ ውርደት የመጣው ከቻሉክያዎች ነው። ዳግማዊ ቪክራማዲትያ ከ733 ገደማ ጀምሮ የነገሠ፣ የቫታፒን ቂም እንደ ውርስ የተቀበለ ሰው ነው። በድንገት መጥቶ ናንዲቫርማንን አባረረና ካንቺ ገባ። የቻሉክያዎች ሰሌዳ የማረካቸውን ዕቃዎች ይዘረዝራል፦ ዝሆኖች፣ ዕንቁዎች፣ የካትቫንጋው ሰንደቅ፣ እንዲሁም ሳሙድራጎሻ። የልጁ ንግሥና ዕለት የተሰማው የባሕር ጩኸት ወደ ጠላት ቤት ተወሰደ። ሁለቱ ጠላቶች ሳይመካከሩ አንዱን ዕቃ በየራሳቸው ሰነድ መጥቀሳቸው ለኔ የዚህ ታሪክ ምርጥ ክፍል ነው።

ቪክራማዲትያ ግን ካንቺን አላቃጠለም። ወደ ካይላሳናታ ቤተ መቅደስ ገብቶ፣ የመቅደሱን ወርቅ አይቶ መልሶ ለመቅደሱ ተወው። ይህንንም በገዛ ቋንቋው፣ በካናዳ (ካናዳ የካርናታካ ሰዎች ቋንቋ ነው፣ አገሩ አይደለም)፣ እዚያው ዓምድ ላይ አስጻፈ። ጽሑፉ ዛሬም አለ። ምሕረት ነው ወይስ ስድብ? በጠላትህ መቅደስ፣ በራስህ ቋንቋ፣ ማርኩሃለሁ ብሎ መጻፍ ሁለቱንም ይሆናል።

ንግሥቱ ሎካማሃዴቪ ለባሏ ድል መታሰቢያ በቻሉክያዎች አገር፣ በፓታዳካል መቅደስ አሠራች፤ ዛሬ ቪሩፓክሻ ይባላል። ጽሑፉ ካንቺ ሦስት ጊዜ መሸነፏን ይመዘግባል። መቅደሱ ራሱ ግን የካንቺውን ካይላሳናታ ይመስላል። ያሸነፉትን ከተማ አወድመው ሳይሆን ተምረው ነው የተመለሱት።

በደቡብ በኩልም እንዲሁ ነበር። የፓንድያው ማራቫርማን ራጃሲምሃ ፓላቫማላን ኔዱቫያል፣ ኩሩማዳይ፣ ኮዱምባሉር እያለ በብዙ ቦታ መታሁት ይላል፤ «ፓላቫን ሰባሪ» የሚል ማዕረግም ወስዷል። የፓላቫዎቹ ሰነድ ደግሞ ማናይኩዲ ላይ የፓንድያን ጦር አሸነፍን ይላል። እንዲህ ያለ ጊዜ ሁለቱም ያሸነፉበትን ብቻ ይጽፋሉ፤ አንባቢ ሁለቱን ደርቦ ማንበብ አለበት።

ታዲያ ይህ ሁሉ የደረሰበት ንጉሥ እንዴት አልወደቀም? አንዱ መልስ ጠላቶቹ ቀድመው መውደቃቸው ነው። በ750ዎቹ መጀመሪያ ራሽትራኩታ የተባሉት ገባሮች በዳንቲዱርጋ መሪነት ተነሥተው የቻሉክያዎችን መንግሥት ገለበጡ። ዳንቲዱርጋ ካንቺንም ነካክቷል፤ ነገሩ ግን በጋብቻ የታረቀ ይመስላል። የናንዲቫርማን ንግሥት ሬቫ ትባላለች፤ ተመራማሪዎች የዳንቲዱርጋ ልጅ ናት ይላሉ፤ የወለደችው ልጅ ስሙ ዳንቲቫርማን ነው፤ በእናቱ አባት ስም እንደተሰየመ ግልጽ ይመስላል። በኋላም ናንዲቫርማን የፓራሜስቫራን ደም ካፈሰሱት ከጋንጋዎች ንጉሥ፣ ኡግሮዳያ የተባለ ዕንቁ ያለበት ሐብል ነጥቋል።

ድንጋይና ቅንጭብ

የጦርነቱን ነገር እዚህ ላይ ልተወውና ንጉሡ በተራው ቀን ምን ይሠራ እንደነበር የካሳኩዲ ሰሌዳ ያሳየን። ሳንስክሪቱ ካለቀ በኋላ ጽሑፉ ወደ ታሚል ይገባል፤ ግጥሙ ለክብር ነው፣ ታሚሉ ለሥራ። ኮዱኮሊ የተባለች መንደር ጄሽታፓዳ ሶማያጂን ለተባለ ብራህማን ተሰጥታ ስሟ ኤካዲራማንጋላም ተባለ። ትእዛዙ ለወረዳው ሰዎች ተላከ። ሰዎቹ ደብዳቤውን ተቀብለው ራሳቸው ላይ አኖሩት፤ ከዚያ የመንደሩን ወሰን ዞረው ድንጋይና «ካሊ» ተከሉ። ካሊ ሲሰበር ነጭ ወተት የሚያወጣ የአጥር ተክል ነው፤ የእኛ ቅንጭብ የዚሁ ወገን ነው። ከብት አይበላውም፣ ድርቅ አይገድለውም፤ ለወሰን ከእሱ የተሻለ ምን አለ?

ከወሰኑ ቀጥሎ ባለጉልቱ የማይከፍላቸው ግብሮች ይዘረዘራሉ፦ የዘይት መጭመቂያው፣ የሸማ መሥሪያው፣ የጉድጓድ ቆፋሪው፣ ከዘንባባ መጠጥ የሚቀዳው ሰው ድርሻ። ከግብሩ ነፃ የወጣውን ስናነብ ሌላው ሕዝብ ምን እየከፈለ እንደኖረ እናውቃለን። ከሴያሩና ከቬካ ወንዞች እንዲሁም ከቲራያን ኩሬ ቦይ የመቅደድ መብትም ተጽፏል። ውኃ የሌለው ጉልት ጉልት አይደለም።

ናንዲቫርማን የቪሽኑ አማኝ ነበር። ቫይኩንታ ፔሩማልን ሦስት ፎቅ አድርጎ አሠራው፤ በሦስቱ ፎቆች ቪሽኑ ተቀምጦ፣ ተጋድሞና ቆሞ ይታያል። ቲሩማንጋይ አልቫር የተባለው ባለ ቅኔም ይህን መቅደስና ያሠራውን ፓላቫ እያወደሰ ዘምሯል፤ መዝሙሩ እስከ ዛሬ በታሚል የቪሽኑ መቅደሶች ይዜማል።

የግድግዳውን ሥዕሎች ከጽሑፎቹ ጋር አገናዝባ በዝርዝር ያጠናችው ሲ. ሚናክሺ ናት። በ1936 ከማድራስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። በ1940 በወጣትነቷ አረፈች፤ የግድግዳው ጥናት የታተመው ከሞተች በኋላ በ1941 ነው። ድንጋዩ የአሸዋ ድንጋይ ስለሆነ ከዓመት ዓመት እየተሸረሸረ ነው፤ እሷ ያየችውን ሁሉ የዛሬ ጎብኚ ላያይ ይችላል።

በማማላፑራም በአዲቫራሃ ዋሻ መቅደስ የናንዲቫርማን 65ኛ የንግሥና ዓመት የተጻፈበት ጽሑፍ አለ። በ12 ዓመቱ የነገሠ ከሆነ ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከእሱ በኋላ የነገሡት ሁሉ፣ ዳንቲቫርማን፣ ሣልሳዊ ናንዲቫርማን፣ ንሪፓቱንጋ፣ እምቢ ባዮቹ ወንድሞች ሳይሆኑ የትንሹ ልጅ ዘሮች ናቸው። የመጨረሻው ታዋቂ ፓላቫ አፓራጂታ ይባላል፤ የማይሸነፈው ማለት ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ቾላ የተባለው የደቡብ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ አዲትያ ጦር ሜዳ ላይ አገኘው። የቾላዎቹ ጽሑፍ እንደሚለው ፓላቫው ረጅም ዝሆን ላይ ተቀምጦ ሳለ አዲትያ ዘሎ ወጥቶበት እዚያው ዝሆኑ ጀርባ ላይ ገደለው።